እሳት የሌለበት ምድጃ

ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ርቀህም ከዓይኔ ላልጠፋኸው ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? ብርዱ በርትቷል ብለህ ነበር፤ ያ ሳልህ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ እሺ ይለኛል። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ረጅም ነው፤ ደግሞም ብዙ ዓመት የዘገየ ነው።

አባትህ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መሃል ከተማ ያለው ጋለሪ የነሐስ ሥራዎቹን ሰብስቦ ኤግዚቢሽን ሊከፍትለት ተነስቷል። ባለፈው ወር ኃላፊዋ ከቅንድቤ ጋር መጣችና ወርክሾፑን ከፈትኩላቸው። ቅንድቤን መቼም አትረሳውም፤ አባትህ ሥራ ያስተማረው፣ እሳት ቅንድቡን በልቶ ስም ያተረፈለት። አሁን የራሱ ማቅለጫ አለው። ቅንድቡ ግን እስከ ዛሬ አልበቀለም።

የሰም መደርደሪያውን ስናነሳ ከጀርባው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘን። ፈታሁት። ክንድ የማይሞላ የሰም ቅርጽ ነው። አንዲት ሴት ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ መጽሐፍ ታነባለች። ሰሙ ላይ የቀሩት አሻራዎች የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። ቀኝ እጁ ከተቃጠለ በኋላ የሠራው ነው ማለት ነው።

"እማማ፣ እርስዎ እኮ ነዎት!" አለች ኃላፊዋ እየሳቀች።

እኔ የማየው ሴትዮዋን አልነበረም፤ ምድጃውን ነበር። አባትህ እሳት ሲቀርጽ ነበልባሉን አንድ በአንድ እንደሚያወጣ ታውቃለህ። የዚህ ምድጃ አፍ ውስጥ ግን ያለው አመድ ብቻ ነው።

ልጄ፣ የአባትህ እጅ ከመቃጠሉ አንድ ቀን በፊት እሳቱ የጠፋው በእኔ እጅ ነው።

የትልቁ ሐውልት ቅርፊት፣ ሰሙን የሸፈነው ሸክላ፣ ምድጃ ውስጥ ነበር። ሰሙ ቀልጦ እስኪወጣና ሸክላው እስኪደርቅ ሦስት ቀን እሳቱ መጥፋት የለበትም። እርጥበት ከቀረ የቀለጠው ነሐስ ሲገባ ይፈነዳል። ይህን አንተ ገና በስምንት ዓመትህ ታውቀው ነበር። ያኔማ ጎረምሳ ነበርክ፤ ሁለቱን ቀን አንተ ጠበቅክ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ዓይንህ ደም መስሎ ሳየው "ሂድ ጋደም በል፣ እኔ አለሁ" አልኩህ።

ፊደል የለየሁት ሰም ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጋዜጣ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ልብ ወለድ እጄ ገብቶ ነበር፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ። አንድ ገጽ ብቻ ብዬ ገለጥኩት። ቀና ስል ምድጃው ቀዝቅዟል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ቅርፊቱን ስነካው እርጥበት ስቧል። እንጨት ጨማምሬ እፍ እፍ ብዬ አነደድኩት። አባትህ አሥር ሰዓት ላይ ሲገባ እሳቱ ቦግ ብሎ ነበር።

"ልጁ የት ሄደ?" አለኝ።

"አሁን ገና ነው ጋደም ያለው" አልኩት።

በማግስቱ የሆነውን አልደግመውም። አባትህ ነሐሱ የፈነዳበትን እጁን በውሃ ውስጥ ነክሮ "አንተ ነህ ያጠፋኸው!" ብሎ ሲጮህብህ ዞር ብለህ አየኸኝ። "እማ ነበረች" ማለት ትችል ነበር። አላልክም። እኔም ዝም አልኩ። በዓመቱ ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ስትስመኝ፣ "እማ፣ ምናልባት እንጨቱን አሳንሼ ይሆን?" ብለህ ጠየቅከኝ። "እኔ እንጃ ልጄ" አልኩህ። ያች "እኔ እንጃ" አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ናት። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም። ቆሜ ነው የማነበው።

አባትህ መቼ እንዳወቀ አላውቅም። መጽሐፉ ላይ ያስቀረሁትን የአመድ ጣት አሻራ አይቶ ይሆናል። አወቀና እንደ እኔው ዝም አለ። እኔን ሸፍኖ አንተን አጣ። ለቀብሩ አለመምጣትህን ሰዎች ሲያሙ፣ እኔ አንድም ቀን አልተቀየምኩህም። በምን አፌ?

ኃላፊዋ የኤግዚቢሽኑን መጽሐፍ ረቂቅ እንዳነብላት ሰጠችኝ። "በልጁ ቸልተኝነት በደረሰ አደጋ ቀኝ እጁን አጣ" ይላል። መስመሩን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳላርመው አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ ሰሙ ነሐስ ይሁን፣ ምድጃውን ግን እኔ ልጠብቅ።

ሦስት ቀን ከቅንድቤ ምድጃ አልተነሳሁም። "እትዬ፣ እንደ ድመት ተለጠፉበት እኮ! እኔ የምሠራውን የማላውቅ መሰልኩዎት?" ይለኛል። መጽሐፍ አልያዝኩም። ነሐሱ ሲፈስ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ እንደ ማር ዝም ብሎ ገባ።

ቅርፊቱ ተሰብሮ ቅርጹ ሲታጠብ ኃላፊዋ መጣች። "የምድጃውን አፍ ብንወለውለው እሳት የነደደበት ይመስል ነበር" አለች።

"ይቻላል" አለ ቅንድቤ። "ሌላውን አጥቁረን እሱን ብቻ ማብራት ነው።"

"አይሆንም፤ ጥቁር ይሁን" አልኩ።

"ለምን እትዬ? ያምርበታል እኮ።"

"እሳት አልነበረም።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅንድቤ የአሸዋው ሣጥን ላይ ዘጭ አለ። "ልጁ ነው ያጠፋው ብዬ ለዚህች ያወራሁላት እኔ ነኝ" አለ፣ ፊቱን በጓንቱ ሸፍኖ። ኃላፊዋ ረቂቁንና እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ። ያን መስመር ሰርዤ በእጄ ጻፍኩበት፦ "እሳቱን ትጠብቅ የነበረችው ሚስቱ ናት። ጠፋባት፤ ደበቀችም። ልጁ ጥፋት የለበትም።" እንዲሁ ይታተማል።

ኤግዚቢሽኑ ታኅሣሥ 20 ይከፈታል። ና አልልህም፤ የምልበት አፍ የለኝም። ክፍልህ እንደነበረ ነው። የማይገጥመውን መስኮት አስጠግኜዋለሁ፤ አሁን ብርድ አያስገባም።

የያዝከው ይቅናህ። ጠዋት በሰላም ያውጣህ፣ ማታ በሰላም ያግባህ። እኔ የነሳሁህን እረፍት ፈጣሪ ይመልስልህ።

ይህን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

እንጨቱን አላሳነስክም፣ ልጄ።

እናትህ