ዝርዝሬን የሰረዙ ሰዎች

መስከረም 20
ውጤቴን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያልሰማ ካለ ዓሦቹ ብቻ ናቸው። 412 ከ600። አልሐምዱሊላህ።
ከሰዓት የዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ጻፍኩ። አሥር። አንደኛ አርባ ምንጭ፣ የውሃ ምህንድስና። ሐይቅ ዳር ተወልጄ ውሃ በጀሪካን ስሸከም ያደግሁ ልጅ ሌላ ምን ልማር? ወረቀቱን ቡፌው ላይ ትቼው ተኛሁ። ጅል!

መስከረም 21
ስነሳ አሥሩ ሰባት ሆነዋል። የሰረዘው አጎቴ ሙነወር ነው። ከደሴ ወልድያ ሚኒባስ ይነዳል። ከዚያ ወዲያ ሄዶ አያውቅም፣ ግን የማያውቀው አገር የለም።
"ጅማ ዝናቡ አያስወጣም። ሠመራ ሙቀቱ አያስገባም።"
"ጎንደርስ?"
"ዳገት ይበዛዋል።"
ደሴ እንግዲህ ሜዳ ነው...

መስከረም 23
ሐዋሳም ሄደች። የሰረዟት ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን ናቸው። የእህታቸው ልጅ እዚያ ተምራ ሱሪ ለብሳ ተመለሰች አሉ። ለካ ዩኒቨርሲቲ የሚመረጠው በሱሪ ነው!
አባዬን "አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት።
"ከእናትሽ ጋር ተመካከሩ።"
በኛ ቤት ይህ ማለት "አይሆንም" ነው።

መስከረም 26
ሦስት ቀረ። ወሎ (ያው ደሴ)፣ ወልድያ፣ አርባ ምንጭ። አርባ ምንጭን ሁለቴ ሰርዘውታል፣ ሁለቴ መልሼ ጽፌዋለሁ።
እማዬ ምንም አትልም። ዝም ብላ ታየኛለች። የሙነወርን ወሬ አልፈራም፤ ይህን ዝምታ ግን...

መስከረም 29፣ ሐሙስ
እማዬ ዱበርቶቹን ጠራች። የሰፈሩ ትልልቅ እናቶች፣ ዱዓ ሊያደርጉልኝ። እነሱ ዙሪያውን፣ እኔ መሀል። ትልቋ እማማ ዑምኩልሱም እጃቸውን ዘረጉ።
"አላህ ትምህርቷን ያቅናላት!"
"አሚን!"
"ከክፉ ዓይን ይሰውራት!"
"አሚን!"
"ከእናቷ ሳያርቅ ደሴ ላይ ያስቀርልን!"
"አሚን!"
ከሁሉም የጮህኩት እኔ ነኝ። አፌ ለምዶበት! ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ዱዓ ሲደረግ አሚን ነው፤ ማን ቃሉን ያዳምጣል? እማዬ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ በራ። እኔም ደሴን የፈለግሁ መሰላት። አሁን ምን ብዬ ላፍርስባት?

መስከረም 30
ቤቱ ሠርግ ሆኗል። ሙነወር ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ በነጻ እንደሚያመጣኝ አስታወቀ። ማሻአላህ። እስክመረቅ ድረስ የሙነወር ምክር፣ ያውም በነጻ!
ምርጫ መሙያው ነገ ይዘጋል። እማማ ዑምኩልሱም ጋ ሮጥኩ። ዱዓው ይመለስልኝ ብል ሳቁብኝ።
"የሱቅ ዕቃ ነው እንዴ ሚመለሰው? አብሽሪ ልጄ። አላህ የልብሽን ያውቃል። እናትሽ በምን ትወቅ? ነግረሻታል?"
አልነገርኳትም። አሥር ቀን ሙሉ በሰው ሳሾፍ ከረምኩ እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ "እማዬ፣ መሄድ እፈልጋለሁ" አላልኩም።
ቤት ስገባ ሽንኩርት ትከትፋለች። ነገርኳት። አሚኑ እንዳመለጠኝም ነገርኳት። ሽንኩርቱን ጨረሰችው።

ጥቅምት 1
ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። እማዬ ሳልጠራት ተከተለችኝ። ልጁ "አንደኛ ምርጫ?" ሲለኝ ዞር ብዬ እማዬን አየኋት።
"አርባ ምንጭ ብለህ ጻፍ" አለችው እማዬ ከኋላዬ። "ደሴን ሁለተኛ አድርግልኝ።"
ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቀችኝ።
"ብርድ ነው አገሩ?"
"ሙቀት ነው እማዬ።"
"እንግዲያ ጋቢ አያሻሽም" አለችና በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም አለቀስኩ። ባጃጅ ሁሉ እየቆመ "ሰው ሞቶባችሁ ነው?" ይለናል።

ጥቅምት 24
ምደባ ወጣ። አርባ ምንጭ።
ሙነወር "እኔ ድሮም ብያለሁ" እያለ ከተማውን ይዞራል። አልተከራከርኩትም።
እማዬ ሻንጣዬን ለሦስተኛ ጊዜ ፈትታ ታስራለች። ፈራሁ። ወላሂ ፈራሁ። አሁን "ቅሪ" ብትለኝ እቀራለሁ... በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።
"ሳሙናውን ከልብስሽ ለይቼዋለሁ" አለችኝ።