ሆዴ ውስጥ የተሰፋው መረብ ቁጥር ይሰጠኝ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሰባት ጊዜ ስመጣ ሰባት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ያለችኝ ትሑት ጸሐፊዎ እንደምን ከርማችኋል? ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ጤና ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ እናንተው አስተምራችሁኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሜ ነው። አክብሮት እንዳለበት አልክድም፤ ዋናው ምክንያት ግን ብዙ መቀመጥ አለመቻሌ ነው።

ምናልባት በመልክ ባያውቁኝ በስፌቴ ያውቁኛል። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሐኪሞችዎ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚለብሱትን አረንጓዴ ጋዎን የምሰፋው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊዎ «ለቅርጽ ማውጫ ይሆንዎታል» ብለው አንድ እስር አሮጌ ካርቶን በነጻ ስለሰጡኝ በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ፤ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አጣብቄ የእጅጌና የደረት ቅርጽ ቆርጬበታለሁ። እኔም በበኩሌ ሁለት ጊዜ፣ የገዛ ስፌቴን በለበሱ ሰዎች ፊት፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ተጋድሜአለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አንጀቴ ተጠማዝዞ ልሞት ስል ቆርጠው፣ ቀጥለው አተረፉኝ። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ከልቤ ነው፤ ቢፈልጉ ይህን አንቀጽ ቆርጠው ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉት። በዓመቱ ግን የድሮው ስፌት ላላና አንጀቴ በዚያ በኩል እየገፋ ቡጢ የሚያህል እብጠት ሆነ፤ ሄርኒያ ነው ተባልሁ። የሚያጽፈኝ ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝ ቸርነት ነው።

አንደኛ፦ ዋናው ቀዶ ጥገና ሐኪምዎ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው «አይዞዎት እትዬ፣ እርስዎ የተቀደደ ሱሪ እንደሚጥፉት እኛም እንጥፍዎታለን» ብለው በሙያዬ ቋንቋ ስላነጋገሩኝ ሆዴ ባባ። በሙያዬ ግን ሱሪ ስጥፍ እራፊውን አስቀድሜ ለባለቤቱ አሳያለሁ፤ ካልወደደው ሌላ እፈልጋለሁ። እኔ በክር ብቻ የሚሰፉኝ መስሎኝ ነበር። ሆዴ ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ የፕላስቲክ መረብ እንደ ገባ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያውም ከሌላ ሆስፒታል ሐኪም አፍ ነው። «ፈርመዋል እኮ» ተባልሁ። እውነት ነው ፈርሜአለሁ፤ መነጽሬን ከልብሴ ጋር በከረጢት ቋጥረው ከወሰዱብኝ በኋላ፣ ጣታቸውን ባሳረፉልኝ ቦታ ላይ። የፈረምሁት አንብቤ ሳይሆን አምኜ ነው።

ሁለተኛ፦ ሕመሙ ሲጀምረኝ በየቀጠሮው ስለሰጣችሁኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው «ስፌቱ እስኪለምድዎት ነው» ተባልሁ፤ በሦስተኛው ጨጓራ ሆነ፤ በአምስተኛው ጭንቀት። ከእምብርቴ በታች ቆዳዬ ተበስቶ መግል እስኪያፈስስ ድረስ ጭንቀት እንዲህ ያለ ሽታ እንዳለው አላውቅም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ገልጬ ያሳየኋችሁን እናንተ መልሳችሁ ሸፈናችሁት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም እንዳልል ደግሞ የሚፈጀው ሆዴን ራሱን ሆነብኝ። ዛሬ የስፌት መኪናውን ፔዳል ስረግጥ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጠኝ፣ አስተማሪዋ ልጄ ከሥራ ስትመለስ እሷ ተቀምጣ ትረግጣለች፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ ጨርቁን እመራለሁ። «እማዬ፣ አንድ ሰፊ ለመሆን ሁለት ሰው ሆንን እኮ» ስትለኝ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ የሳቅሁት ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ነው።

ሦስተኛ፦ ያ የሌላው ሆስፒታል ሐኪም መረቡ ታጥፎ ከአንጀቴ ጋር እንደ ተጣበቀና መውጣት እንዳለበት ነገሩኝ። ነገር ግን ምን ዓይነት መረብ እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ጡንቻ ሥር እንደ ተዘረጋና በምን እንደ ተያያዘ ሳያውቁ ቢገቡ አንጀቴን ሊበጥሱት እንደሚችሉ ነግረውኝ፣ የቀዶ ጥገናውን ገጽና የመረቡ ቁጥር ያለበትን ተለጣፊ ወረቀት ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ወደ መዝገብ ቤትዎ ሄድሁ። ገጹ ተገኘ፤ «ሄርኒያው ተጠግኗል» ይላል፣ በቃ። ተለጣፊውን በተመለከተ ጨዋው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደ አስረዱኝ፣ እንዲህ ያሉት ሁሉ ይለጠፉ የነበረው በአሮጌው የካርቶን ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው፤ ባለፈው ዓመት አሠራሩ ሲዘምን ወረቀቶቹ ወደ አዲስ የፕላስቲክ ሽፋን ተዛውረው አሮጌው ካርቶን ተወገደ። «ወረቀቱን አዛውሩ እንጂ ሽፋኑን እዩ አልተባልንም» አሉኝ። ታዛዥነታቸውን አደነቅሁ።

አራተኛውን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እመልስዎታለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ጋዎን ማሰሪያ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ተበጠሰ። በማግስቱ ፊርማዎና ማኅተምዎ ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እያንዳንዱ ጋዎን የሰፊው ስም፣ የተሰፋበት ቀንና ቁጥር በአንገቱ ውስጥ እንዲኖረው ያዝዝና «ይህ የታካሚ ደኅንነት ጉዳይ ነው» ብሎ ይደመድማል። አፈርሁ። ድሮም ለራሴ በየጋዎኑ ጫፍ ቁጥር እጽፍ ነበርና፣ ደብተሬን ገልጬ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራትን አገኘሁት፤ ማክሰኞ፣ ክር አልቆብኝ ከጎረቤት በተዋስሁበት ቀን የተሰፋ ነበር። በዚያ ክር የተሰፉትን ሌሎች አሥራ ሁለት ጋዎኖችም ሳልጠየቅ ሰብስቤ ቀየርሁ። ደብዳቤዎን እስከ ዛሬ ከመኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እውነት ስለ መሰለኝ። ታዲያ ክቡር ሆይ፣ ሐኪሙ ለሁለት ሰዓት ለብሶ የሚያወልቀው ጨርቅ ስምና ቁጥር ካስፈለገው፣ እኔ ማውለቅ ለማልችለው ለምን አላስፈለገውም?

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ እንዲሉ፣ መግሉን ልጄ ታጥበዋለች፤ ያመነ ልብን የሚያጥብ ግን አላገኘሁም። በእናንተ ተከድቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጪው ወር ቀጠሮዬ በፊት የመረቡ ቁጥር ይፈለግልኝ፣ ከሌላችሁም ዋናው ሐኪምዎ ምን እንዳደረጉ አስታውሰው ይጻፉልኝ። ያን ቀን ማን ቀዶ ጥገና ክፍል እንደ ነበረ ከጠፋባችሁ የጋዎኖቹን አንገት እዩ፤ የሐኪሙ ስም ባይገኝ የሰፊዋ ስም አለበት።

ስብሰባዎ የተባረከ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ማለት ባልችልም በሐሳቤ እጅ የምነሳዎ፣
የሆስፒታልዎ ታማኝ ልብስ ሰፊ፣ ታማሚ፣ ለገዛ ስፌቷ ብቻ ዋስ የምትሆን።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ከጨረስሁ በኋላ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው «አሮጌ ካርቶን» ያሉት ነገር ከነከነኝ። የንብረት ክፍል ኃላፊዎ በሰጡኝ ካርቶን የሠራሁትን ቅርጽ ማውጫ በካውያ እንፋሎት አላቀቅሁት። የተጣበቀው ፊት የመዝገብ ሽፋኖቻችሁ ውስጠኛ ገጽ ኖሯል፤ የዘጠኝ ሰዎች ስምና ተለጣፊ አገኘሁበት። ስምንቱ ሙሉ ናቸው። ዘጠነኛው የደረቱ ቅርጽ ብብት ላይ ነበር፤ ስሜ ሙሉ ነው፣ ቁጥሩ ግን ከመካከሉ ተቆርጧል። መቀሱ የእኔ ነው፣ የቆረጠውም የእኔ እጅ ነው፤ ቁራጩ አምና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። የስምንቱን ሰዎች ተለጣፊ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ እነሱም እንደ እኔ ሳይታመሙ ሰው ልከው ያስወስዱት። የሚረከበው ሰው ግን ስሙን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጽፎ ይፈርምልኝ፤ ይህ የታካሚ ደኅንነት ጉዳይ ነው።