በሦስተኛው ዙር ጉብታው ላይ መውጣቴ ከመዝገብ እንዳይሰረዝ

ለተከበሩ ሚስተር ዋረን ሃልድ
የወረዳው የእሑድ ቤዝቦል ሊግ የዳኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ባለፈው ክረምት ለተገጠመልዎ አዲስ ጉልበት የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ቶሎ ቶሎ መጻፍ የማልችል ሰው ስለሆንኩ ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁትም እርስዎ የላኩልኝን የማጽናኛ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ለጋዜጣው በመስጠት መንገዱን ስላሳዩኝ ነው።

በዚያ ደብዳቤ ዳኛው ሚስተር ኦርቪል ሬይነርት ባለፈው እሑድ «ሐዘን ላይ ባለች እናት ላይ ጭካኔ» እንደፈጸሙ፣ ስለዚህም እስከ ውድድሩ ማብቂያ እንደታገዱ፣ የእኔ ሜዳ መግባትም እንዳልነበረ ተቆጥሮ እንደሚሰረዝና ጨዋታው እንደሚደገም ገልጸውልኛል። ይህን ያህል ስለተጨነቁልኝ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እርስዎ በዕለቱ ሐይቁ ላይ ዓሣ በማጥመድ ተጠምደው ስለነበር የሆነውን ልንገርዎ። ልጄ ኮልቢ በመጋቢት መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶበት እስከሞተበት ቀን ድረስ ለሌምበርግ ቡድን አምስት ዓመት ኳስ ወርዋሪ ነበር። እሑድ በእሱ ቦታ የቆመው በመኖ መደብሩ የሚሠራው ታነር ሲሆን፣ በሦስተኛው ዙር ኳሱን ወዲያና ወዲህ እየበተነ ሁለት መቺዎችን በነጻ አሳለፈ። ሲወረውርም ልክ እንደ ኮልቢ ኮፍያውን ሁለቴ እየነካ፣ እግሩን እስከ ደረቱ እያነሣ ነበር። እኔም እንዴት እንደተነሣሁ ሳላውቅ የኖራውን መስመር ተሻግሬ፣ የወርዋሪው ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ «ስማ ልጄ፣ እንደ ኮልቢ ለመወርወር አትድከም፤ እሱም ቢሆን ያን ያህል አልነበረም» አልኩት። ታነርም ትንሽ አሰበና «እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር ወይዘሮ ቮንድራ፤ ግን በምን አፌ ልናገረው?» አለኝ።

በሜዳው ያሉት ሁሉ፣ ተጋጣሚዎቻችን ሳይቀሩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሚስተር ሬይነርት ብቻ በትንሿ መጥረጊያቸው መቺው አጠገብ መሬት ላይ የተቀበረውን ነጭ ሰሌዳ መጥረግ ጀመሩ። ይህ ጉብታው ላይ ለወጣ ሰው ሁሉ ጥቂት ጊዜ ለመስጠት ዘወትር የሚያደርጉት ነው። ከዚያ ዝግ ብለው መጥተው አጠገባችን ቆሙና «ወይዘሮ ቮንድራ፣ ጊዜዎ አልቋል። ወርዋሪውን ይቀይሩታል ወይስ ይወርዳሉ?» አሉኝ። ገና አሁን ጉብታው ላይ መውጣቴ መሆኑን ብነግራቸው «ኮልቢም ሰዓትዎ ይፈጥናል እያለ ሲነዘንዘኝ ነው የኖረው» ብለው አንድ መውጣት ብላ እንድትጽፍ አንድ ጣታቸውን ወደ ጨዋታው መዝጋቢ አነሡ።

ሁለተኛ፦ ደንቡን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ረስተውት እንዳይሆን ስለሰጋሁ ነው። በአንድ ዙር ከቡድኑ ወገን ሁለት ጊዜ ወርዋሪውን ለማነጋገር ጉብታው ላይ ከተወጣ ወርዋሪው ከጨዋታ ይወጣል። አሰልጣኛችን ማርቭ ይህን ከእርስዎ እኩል ያውቃል መሰለኝ፣ እኔን ሊያስጥል እየሮጠ መጣና «እናቱ እኮ ናት፣ ኦርቪል፤ ልብ የለህም?» አለ። ሚስተር ሬይነርትም «ልቤ ደኅና ነው፣ ማርቭ፤ አንተ የቆምከው ግን ጉብታው ላይ ነው» ብለው ሁለተኛ ጣታቸውን አነሡ። ታነር ከጨዋታ ወጣ። ሌላው ወርዋሪያችን ሠርግ ላይ ስለነበር የማርቭ የሚስት ወንድም፣ አሳማ አርቢው ዱዌይን፣ ገባ፤ የመጀመሪያ ኳሱም የአይስክሬም ሻጩን ድንኳን መታ። አሥራ ሰባት ለአራት ተሸነፍን።

እኔ ግን ገና ሁለተኛው ጣት ሲነሣ ጉብታው ላይ ዘጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ከመጋቢት ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። የፓስተሩ ባለቤት የማለቅስ መስሏት በዚያ ሐሩር ብርድ ልብስ ተሸክማ መጣች። ሚስተር ሬይነርት ዞር ብለው «እርስዎም ሊወጡ ነው?» ሲሏት ብርድ ልብሱን መስመሩ ላይ ጥላ ተመለሰች። እኔ ደግሞ እንደገና ሳቅሁ።

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ከአራቱ ቀን ሁለቱን የወሰደብኝ ግን እሱ ነው። ልጄ ከሞተ ጀምሮ ዳቦ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል፣ ቤቴ የሚመጣ ሰው ስለ አየሩ አውርቶ ይሄዳል፣ ስሙንም እንዳያሳዝነኝ ብሎ ማንም በፊቴ አይጠራውም። ሚስተር ሬይነርት ግን ስሙን ትናንት አብረውት እንደተጨቃጨቁት ሰው አድርገው ጠሩልኝ። በጨዋታው መዝገብ ላይ በሦስተኛው ዙር መስመር «አንደኛ መውጣት፣ እናት» ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል። ልጄ አምስት ዓመት በቆመበት ቦታ እኔም አንድ ጊዜ መቆሜን የሚናገር ሌላ ወረቀት የለኝም። እርስዎ ደግሞ እኔን ለማጽናናት ብለው ላጲስ አነሡ።

ስለዚህ መዝገቡ እንዳለ እንዲቀመጥ፣ ሽንፈታችን እንዲጸናልንና ሚስተር ሬይነርት ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጠይቃለሁ።

ላሳዩኝ ወሰን የለሽ ርኅራኄ እጅ እየነሣሁ፣ ሁለተኛ እንዳይደርሰኝም አጥብቄ እየጸለይኩ፣

ሎርና ቮንድራ
የኮልቢ እናት
ሌምበርግ፣ ኔብራስካ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ሚስተር ሬይነርት ካልተመለሱና ጨዋታው ከተደገመ፣ በእያንዳንዱ ዙር ጉብታው ላይ እወጣለሁ። እርስዎ መውጣቴን ስለማይቆጥሩብኝ ታነር ከጨዋታ የሚወጣበት ምክንያት የለም፤ ለእሱ የምነግረው ደግሞ ብዙ ነው፣ ስናገርም እንደ አጻጻፌ ዝግ ብዬ ነው። ሊያወርዱኝ ከፈለጉ በአዲሱ ጉልበትዎ ራስዎ ይምጡ።