በአክስትሽ ሶፋ ላይ የጻፍሽው

ይድረስ ለሆዴ፣ ለአንድያ ልጄ። እንደምን ከርመሻል? የወጣሽበት ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ያው እንደምታውቂው ነው። አባትሽ የሱቃችንን በር ቀለም ቀብቶታል። አላማረም፤ ግን እንዳትነግሪው።

ባለፈው ሳምንት አክስትሽ ያንን ቡናማ የቆዳ ሶፋዋን እንዳድስላት አመጣችልኝ። «ስፖንጁን ቀይሪው፣ የተሰነጠቀውን ድፈኚው፤ የእጅ መደገፊያውን ግን እንዳትነኪብኝ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ አቧራውን ስጠርግ ነው። በእስክሪብቶ፣ በዚያ በተንጋደደ የልጅነት ጽሕፈትሽ፣ «የእኔና የአክስቴ ቦታ» ብለሽ ጽፈሽበታል።

ልጄ፣ ቅናት ጨርቄን ሊያስጥለኝ ደረሰ። እኔ የሰው ሶፋ ስሰፋ ስውል፣ አንቺ ለካ እሷ ጋ ቦታ ይዘሻል! አልዋሽሽም፤ ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክሬ፣ ፈትጌ አጠፋሁት። ላዩንም ቀለም ቀባሁበት።

ልትወስደው ስትመጣ መደገፊያውን ደጋግማ ዳበሰችው።

«የልጃችን ጽሑፍ የታለ?» አለችኝ።

«ቆዳው አርጅቶ ነው፤ ሲጸዳ አብሮ ለቀቀ» አልኳት።

አልተቆጣችም። «እንግዲህ ምን ይደረግ፤ እጅሽ ይባረክ» ብላ ዓይኗን ጠረገች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ» ማለት ስትችል «ልጃችን» ነው ያለችው።

እውነቱን እነግራታለሁ፤ ድፍረቱን እስካገኝ ነው። እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ፣ የሰው ፊት አያሳይሽ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ እሑድ ስትደውዪ ቀድመሽ ለእሷ ደውዪላት። ብዙ ግን አታውሩ፤ እኔም ስልኩን ይዤ እየጠበቅኩሽ ነው።

እናትሽ