ለባለቤቴ ያስቀሩለት

ኮንስታንዛ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 12

ልጄ ዮካስታ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ። አባት የሚመርቀው ልጁ «አባባ፣ ይመርቁኝ» ሲል እንደሆነ ጠንቅቀሽ ታውቂያለሽ። አንቺ ከፋሲካ ወዲህ አልጠየቅሽኝም። ለዛሬ ብቻ ሳትጠይቂኝ መርቄሻለሁ፤ እንዳትለምጂው።

ያልደወልኩልሽ በስልክ ስናወራ ሁለታችንም ስለምንጮህ ነው። ወረቀት አይጮህም። መጨረሻ ስናወራ እናትሽ ከዚህ በላይ ከከሳች ከማድሪድ መጥተሽ ዋና ከተማ ካለው የአረጋውያን ቤት እንደምታስገቢያት ነግረሽኝ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን እወቂ፤ እናትሽ ትበላለች። ሰማያዊው ቀሚሷ ወገቧ ላይ መያዝ ጀምሯል። ሐኪሙም አይቶ ተገርሟል። አእምሮዋ እንደሆነ ትተሽው እንደሄድሽው አይደለም፤ ሆዷ ግን ደህና ነው። የማበስልላት እኔ ነኝ።

ሳቂ። «ወንድ ማጀት ከገባ የዶሮ ኩስ ይሸታል» እያልኩ እንዳሳደግሁሽ አልረሳሁም። የአባቴ ቃል ነው፤ አሁንም አላነሣሁትም። ነገር ግን እናትሽ ጎረቤት የሚያመጣላትን ሁሉ ገፋች። ሾርባውንም ሙዙንም ገፋች። ቢቸግረኝ ድሮ እሷ ቶሎ ቶሎ ትሠራው የነበረውን በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ የሚጠበስ ዶሮ ልሞክር ብዬ ተነሣሁ።

ዶሮውን በጎምዛዛ ብርቱካን አጠብኩና ውሃው እየተንጠባጠበ የጋለ ዘይት ውስጥ ጣልኩት። ዘይቱ ግድግዳው ላይ ተፈናጠረ። ጎረቤታችን ዶኛ ኦሊምፒያ በመስኮት አንገቷን አስግጋ፣ «ኤላዲዮ፣ ልታጠምቃት ነው ልትጠብሳት?» አለችኝ። ነጭ ሽንኩርቱንም አስቀድሜ ጨምሬው ኖሮ አርሮ መረረ። ዕድሜዬን ሙሉ ነጭ ሽንኩርት የዘራሁ ሰው መሆኔን ብነግራት፣ «ከአፈር እስኪወጣ ያንተ ነው፤ ከወጣ በኋላ የእኛ ነው» ብላ መጥበሻውን ቀማችኝ።

አሁን አውቄዋለሁ። ታፋውን ካጠብሽ በኋላ በጨርቅ አድርቂው። ጨውና የኦሬጋኖ ቅጠል ነስንሰሽ እሺው። መጥበሻው በደንብ ይጋል፤ ከዚያ በቆዳው በኩል አስተኚውና አትንኪው። ሰው የሚያበላሸው እየነካካ ነው። ሲቀላ ገልብጪው፣ እሳቱን ቀንሺ፣ ቅቤውን ጨምሪ፣ ነጭ ሽንኩርቱ መጨረሻ ይግባ። የቀለጠውን ቅቤ በማንኪያ እየቀዳሽ ላዩ ላይ አፍስሺበት። ሩዝሽ ሳይበስል ዶሮው ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርቱን ግን በቢላ እንዳትከትፊው፤ በሙቀጫ ነው የሚወቀጠው።

እናትሽን ከክፍሏ ያወጣት ያ ሙቀጫ ነው። ድምፁን ስትሰማ ማንም ሳይጠራት መጥታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። በላች፤ አጥንቱን ጋጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጌታው፣ እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። «ለባለቤቴ ግን አንድ ታፋ ያስቀሩለት። ከእርሻ ሲመለስ ይርበዋል።»

ትልቁን ታፋ መርጣ ሳህን ላይ አኖረችና በሌላ ሳህን ከደነችው። እኔንም ባሏ ሳይመጣ እንድሄድ ለመነችኝ፤ ወንድ ማጀት ሲገባ አይወድም አለች።

ሽርጤን ፈታሁ። በጓሮ በር ወጥቼ ቤቱን ዞርኩ፣ ኮፍያዬን ደፋሁ፣ ጫማዬን ደጃፉ ላይ አራገፍኩና በፊት በር ገባሁ። «ቆየህ እኮ፣ ኤላዲዮ፤ ሊቀዘቅዝብህ ነው» ብላ ሳህኑን ገለጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ በየማታው እንዲሁ ሆነ። ይህን ውሸት ነው የሚል ካለ መጥቶ ፊት ለፊት ይንገረኝ። ሰው በገዛ ቤቱ በፈለገው በር ይገባል። በቀን አንድ ጊዜ ስሜን ከአፏ እሰማ ነበር፤ ይበቃኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ስገባ እጇን የተከደነው ሳህን ላይ ጫነችበት። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ፣ ኤላዲዮ ነኝ አልኳት። ተጠግታ አሸተተችኝ።

«እርስዎ ዶሮ የሚጠብሱት ሰውዬ ነዎት» አለችኝ። «ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ። የኔ ባል አፈር አፈር ነው የሚሸተው።»

እውነቷን ነው። ብቻዋን ትቻት መዋል ስለማልችል እርሻውን ለኦሊምፒያ ልጅ ለሊሳንድሮ ከሰጠሁት ቆይቷል። በነጋታው ግን ዶሮውን አቅርቤላት በጓሮ በር ከወጣሁ በኋላ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የነጭ ሽንኩርት መደብ ሄድኩ። ጊዜው የዘር ነው፤ አፈሩ ተገልብጦ ረጥቧል። ተንበርክኬ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት። ሸሚዜንም ቀባሁት። ሊሳንድሮ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ደግ አደረገ።

በፊት በር ገባሁ። እናትሽ እጄን ይዛ አሸተተችው። ይዛው ቆየች። እኔም ስሜን እስክትጠራ ጠበቅሁ።

«ከእርሻ ነው የመጡት» አለችኝ። «እባክዎ፣ ባለቤቴን ካዩት እራቱ እየጠበቀው መሆኑን ይንገሩልኝ።»

እነግረዋለሁ አልኳት። ቃል ሰጥቼ ያላከበርኩበት ቀን እንደሌለ ይህ ሸለቆ ሁሉ ያውቃል። ይህን ግን ሄጄ ለማን እንደምነግር አላውቅም።

አሁንም ትበላለች። አሁንም አንድ ታፋ ታስቀራለች። እስኪነጋ ተከድኖ ያድራል። እኔ አልነካውም፤ የሰው ድርሻ ነው።

የአረጋውያን ቤት አትገባም፤ ቃሌ አንድ ነው። ነይም አላልኩሽም፤ ሥራሽን ያዢ። ምናልባት ከመጣሽ ግን በፊት በር ግቢና ሳህኑን አንቺ ክፈቺው። ለልጇ አትከለክልም ይሆናል። ሙቀጫውን እኔ እወቅጣለሁ።

ይህን አንብበሽ እንዳታለቅሺ፤ ለቅሶ ሩዝ አያበስልም። ብርዱ ዘንድሮ እዚህ ቀድሞ ገብቷል፤ ማድሪድም የባሰ ነው ይባላል፤ አንገትሽን ሸፍኚ። እመቤታችን በሰው አገር ትጠብቅሽ። እራትሽ አይቀዝቅዝብሽ። አምሽተሽ ስትገቢ ስምሽን የሚጠራ አትጪ።

አባትሽ፣ የኤርሲሊያ ባል፣
ኤላዲዮ