ከኋላ ወንበር ያነሳሁት እጅ

ለምወድሽ ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

እኔና አባትሽ በአንዲት የስፌት መኪና እንደምንሻማ ታውቂ የለ? ባንክ በዕዳ የያዘውን የስፌት መኪና በጨረታ ሲሸጥ፣ አባትሽን ላስደስተው ብዬ ሳልነግረው ማስያዣ ከፍዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከፊት አንድ ባለባርኔጣ ዋጋ ሲጨምር፣ እኔም እልህ ይዞኝ ስጨምር፣ ከመነሻው በእጥፍ ዋጋ አሸነፈኝ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ አባትሽ! እሱም ለኔ ብሎ ኖሯል።

«የገዛ ሚስቴ አስወደደችብኝ» እያለ ይስቃል። የኔን ማስያዣ መለሱልኝ፤ የሱ ግን ቀሪውን እስከ አርብ ካልከፈለ ይወረሳል። ቀን ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ሦስቴ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለኝ።

ለመሆኑ አባትሽ ጋ ያስቀመጥሽውን ገንዘብ በቅርቡ ትፈልጊው ይሆን? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፣
እናትሽ