በእግሩ ላይ ስለነበረው ብረት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቄስ ቀድሞ፣ ሰው ክንድ ይዞ። ለእኔ ግን ወንድሜ አያ ሞላ ብቻውን መጣ። በገበያ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ። በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ጋሸና የሰማውን በጆሮዬ ነገረኝ።

ምግብ ቤት ውስጥ አንድ የአሰብ መንገድ ሹፌር አግኝቶ ነበር። ሹፌሩ፣ አያ ሞላ የላሊበላ ሰው መሆኑን ሲያውቅ፣ «መርከብ ላይ የሚሠራ ፈንታው የሚባል የአገራችሁ ልጅ ነበር። እግሩ ላይ ብረት አስረው ባሕር ጨመሩት አሉ» አለው። አያ ሞላ ደንግጦ ማን፣ ለምን ቢለው፣ «የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ልጮህ ስል አያ ሞላ በነጠላዬ አፌን ያዘ። «እንዳትጮኺ እህቴ! በፈጠረሽ! ደብሬን አስቢ።» ደብሬ ከፈንታው ሌላ የቀረችኝ ልጄ ናት። ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች።

አልጮኽሁም።

እግር ብረት ለማን ነው? ለነፍሰ ገዳይ ነው። ለሌባ ነው። ዛሬ ደግሞ ፀረ አብዮት ለተባለ ነው። የትምህርት ቤቱን መምህር እንዲያ አስረው ሲወስዱት በዓይኔ አይቻለሁ። በኋላ እናቱ ከሙጃ ብትመጣ እንዳታለቅስ ተከለከለች። የእኔ ልጅ ምን አድርጎ ነው? ምን ተናግሮ ነው?

የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉን ቀስ ብዬ ነው የምለቅመው። ማልቀስ ካልቻልሁ ልጻፍ እንጂ ምን ላድርግ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቤተ ማርያም ሄድሁ። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን መምሬ አየነውን ጥግ ላይ አግኝቼ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ዙሪያቸውን አዩ።

«መሞቱን ያየ ሰው አለ?» አሉኝ።

የለም አልኋቸው።

«ታዲያ እንዴት እፈታዋለሁ ልጄ? በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረስም።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የብረቱ ነገር ደግሞ... ቀበሌ ሰምቷል?»

ፈርተዋል። አልፈረድሁባቸውም፤ እኔም ፈርቻለሁ።

መውጫ አጣሁ። ሞቶ ከሆነ ያለ መቃብር፣ ያለ ፍትሐት ቀርቷል። ሞተ ብዬ ባለቅስ ደግሞ ምናልባት በሕይወት ያለውን ልጄን በገዛ አፌ ልቀብረው ነው። እርሙን ሳላወጣ እንዴት እህል ይወርድልኛል?

ባሕር አላውቅም። የማውቀው ተከዜን ነው። አምና ለገና መጥቶ «መሬት ሳናይ ብዙ ቀን እንሄዳለን» ሲለኝ፣ «ማዶው የት ሄዶ ነው?» አልሁት። ሳቀብኝ። «እምዬ፣ ተከዜ እኮ ለእኛ መርከብ እግር መታጠቢያም አይሆናት!» ተቆጣሁት። ውሃ ላይ አትቀልድ አልሁት። ከዚያ በኋላ አኩርፎኝ እንደሆነ ትዝ አይለኝም። ምነው ትዝ ባለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ለደብሬ ነገርኋት። ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶ። ከዚያ ዓይኗን ታጥባ ወደ ሥራ ሄደች።

ግድግዳው ላይ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። አወረድሁት። ደብሬ ስትመለስ ባዶውን ቦታ አይታ፣ «ማውረዳችን ነው የሚያስጠይቀን» አለችኝ። መልሰን ሰቀልነው። ጠሞ ተሰቅሏል። ላቃናው አልደፈርሁም።

ጎረቤቴ የሺ ውሃ መቅጃው ላይ ያዘችኝ። «ምነው ዓይንሽ በርበሬ መሰለ?»

«ጭስ ነው።»

«እኔ ቤት ያልደረሰ ጭስ! ምን ብታነጂ ነው አንቺ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ትክ ብላ አየችኝና እንስራዋን አዝላ ሄደች።

ሰምታለች። ጋሸና የተወራ እዚህ ሳይደርስ አያድርም።

የምፈራውን ልጻፈው፤ ከተጻፈ ያንስ እንደሆነ። ደብሬን ከሥራ ያስወጧታል። አያ ሞላን «ወሬ አመላላሽ» ብለው ያስሩታል። የሺ ትናገራለች። የሺ ባትናገር ልጆቿ ይናገራሉ። ልጄ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጠርቶኛል።

አላነሰም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

አያ ሞላ ጋሸና ተመልሶ ሄዶ ሹፌሩን አገኘው። ለሹፌሩ የነገረው ከፈንታው ጋር እዚያው መርከብ ላይ የሚሠራ ሰይድ የሚባል የሐይቅ ከተማ ሰው ነው። እሱ ራሱ ሊያየኝ እየመጣ ነው። ዓርብ ይደርሳል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ለምን ይመጣል? ወዳጅ መስሎ ቤት ገብቶ፣ ውሎ አድሮ፣ የሰማውን ይዞ የሚሄድ አለ። ከደብሬ ጋር ቁጭ ብለን የምንለውን አዘጋጀን። «ፈንታው ስለ መንግሥት አንድ ነገር ተናግሮ አያውቅም» እንበል አልኋት።

«አያውቅማ» አለች። «እዚህ በመጣ ጊዜ ያወራው ስለ ምግብ ብቻ ነው።»

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አፈርን።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

መጣ። ረጅም፣ ከሲታ፣ የጭነት መኪና አቧራ ያነጣው ሰው ነው። ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። እኔ ውሃ እንኳ አላቀረብሁለትም። ቆሜ፣

«ምን አድርጎ ነው ያሰራችሁት?» አልሁት።

«ማንን እማማ?»

«ልጄን። እግሩን በብረት።»

ግራ ገባው። ከዚያ በመዳፉ ግንባሩን መታ። «ያ ሹፌር! ያ አላህ! እንዲህ ብሎ ነው የነገራችሁ? እኔኮ ከመጀመሪያው ነበር የነገርሁት፤ ብረቷን ብቻ ይዞ መጣ?»

ተቀምጦ ነገረኝ። ፈንታው የሞተው በትኩሳት ነው። መርከብ ላይ ሰው ሲሞትና መሬት ሩቅ ሲሆን በሸራ ይገነዛል፤ ሸራው ይሰፋል፤ በእግሩ በኩል ብረት ይገባበታል። እንዲሰጥም ነው። ውሃው መልሶ እንዳያንሳፍፈው። «ካፒቴኑም ቢሞት እንዲሁ ነው እማማ። እኔም ብሞት እንዲሁ ነው። የባሕር ቀብር ነው። እስራት አይደለም።»

«ወንጀል የለበትም?»

«የፈንታው ወንጀል የእኔን ስኳር መጨረስ ነው» አለና ማልቀስ ጀመረ። ሰው አስመስሎ እንዲያ አያለቅስም።

«ለምን መሬት አላደረሳችሁትም?»

«ወዴት እናድርሰው? በፊትም ውሃ፣ በኋላም ውሃ። መርከቡ ባለው ጉልበት ሁሉ ይሄዳል፤ መሬቱ አይመጣም።»

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ የሚያንቀኝ እሱ ነው። ደብሬን ውጪ ላክኋትና ጠየቅሁት። «ሲጨምሩት... ትንፋሽ አልነበረውም?»

እጄን ያዘ። «እጁ እንዲህ እጄ ውስጥ ነበር። እስኪቀዘቅዝ አለቀቅሁትም። ከቀዘቀዘ በኋላም አለቀቅሁትም፤ ሰው ነው ያስለቀቀኝ። አብሽሩ እማማ። ሞቶ ነው።»

ሞቶ ነው ሲለኝ ዕፎይ አልሁ። እናት ይህን ሰምታ ዕፎይ ትላለች? አልሁ ግን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እንግዳ ያሳደረ ማስመዝገብ አለበት። ጠዋት ሰይድን ይዤ ቀበሌ ሄድሁ። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተቀመጥሁ።

ሊቀመንበሩ ገና ልጅ ነው፤ ሲወለድ አውቀዋለሁ። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ልጅሽ በእግር ብረት ተገደለ ይባላል። ዛሬ ደግሞ እንግዳ ታሳድሪያለሽ» አለ። ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ለማረፍ ይሆናል ያወረደው፤ እኔ ግን ወደ ሰይድ ተጠጋሁ።

ሰይድ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «መርከቡ የመንግሥት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ፈንታው ሥራው ላይ ሳለ ታሞ ሞተ» ብሎ የብረቱን ነገር አስረዳው። ሊቀመንበሩ መታወቂያውን አገላብጦ አየ።

«የባሕሩ ጥልቀት ምን ያህል ነው?» አለ በመጨረሻ።

«እኛም አናውቀውም።»

ከዚያ እንደተቆጣ ሰው፣ «ታዲያ ለምን አታለቅሱም? ማን ከለከላችሁ?» አለን።

እኔና ሰይድ ተያየን። ፈጥነን ወጣን።

ከዚያ ወደ መምሬ ሄድን። «አንተ ነህ ያየኸው?» አሉት። «እኔ ነኝ አባ።» «ማን ገነዘው?» «እኔና አብሳዩ አጥበን ገነዝነው። አብሳዩ የጎጃም ሰው ነው፤ ልጅ ሳለ ድቁና ተምሯል። ማተቡን አልነካነውም። አብሳዩ ጸሎቱን ጀምሮ መካከሉ ጠፋበት፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስት ጊዜ እንዲያ ሆነ። ማንም አልሳቀበትም።» ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔም በልቤ በራሴ ሃይማኖት ዱዓ አደረግሁለት። ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ» አለ።

መምሬ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ምን አጠፋህ ልጄ? ወንድም ቢኖረው ከዚህ የበለጠ ምን ያደርግለት ነበር?» ወደ እኔ ዞረው፣ «ነገ ጽዮን ናት፤ በበዓል መርዶ አይነገርም። ሰኞ ይሁን» አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ሰይድን ጉዞውን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁና አትፍጠንብኝ አልሁት። ደብሬም ፈቃድ ጠይቃ ቀረች።

ከአሰብ ቡናና ቆዳ ጭነው ወጡ። በአንድ ወገን የዓረብ አገር ተራራ ይታይ ነበር፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ፈንታው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሲያስመልሰው ከረመ። «ላስቴ! ተራራህን ትተህ ማን ና አለህ?» ይሉታል። ማዕበሉን እያሳየ፣ «ተራራዬማ ይኸው ተከትሎኝ መጣ፤ መቆም ብቻ ነው ያቃተው» ይላቸዋል። ይህ የልጄ አፍ ነው።

ሥራው ታች፣ ሞተሩ ዘንድ ነው። ዘይት ያጠጣል፣ ይወለውላል። ሙቀቱ ልብስ ያስጨምቃል። ሲወጣ ላይ ቆሞ ያያል። የሚያየው ምንድን ነው? ውሃ። በማግስቱም ውሃ። ሰዎቹ በማይረባ ነገር ይጣላሉ፤ አንዱ ለብዙ ቀን ከማንም ጋር አልነጋገርም ብሎ ነበር። ፈንታው ግን ከተራራው አናት፣ ከአሸተን ማርያም ሆኖ ጭጋግ እንደማየት ነው ይል ነበር። ዓሣ ከውሃ ወጥቶ ይበርና መርከቡ ላይ ይወድቃል። ዓሣ ይበራል? አልሁት። «ወላሂ ይበራል!» ደብሬ አላመነችም።

እነሱም እሱን አላመኑትም። የአገሬ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ከመሬት እኩል ነው፣ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው ሲላቸው ውሸታም ይሉት ነበር። ሰይድ ዛሬ ጠዋት ቤተ ጊዮርጊስ ሄዶ ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል አየ። «እኔም ውሸታም ብዬው ነበር» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ጉዞውን እኔ ስመዝነው እንዲህ ነው። ዳቦው ትኩስ ነበር። በጾም አብሳዩ ሽሮ ይሠራለት ነበር። ኮከቡ ብዙ ነው አሉ። ጓደኛ ነበረው። ይህ መልካም ነው። የመጠጡ ውሃ ብረት ብረት ይላል። ሽንኩርቱ በቀለ፣ ከዚያም አለቀ። ሐኪም የለም፤ የነበረው መድኃኒትም አልበጀውም። ማዶ የለም። እናትን ቢጠይቁ ኖሮ ማዶ የሌለበት መንገድ አትፈቅድም ነበር።

ሲቀብሩት መርከቡን አቆሙት። ባሕር መካከል ቆሞ የማያውቅ ሞተር ቆመ። «እማማ፣ ያ ዝምታ ነው ያስፈራኝ» አለ ሰይድ። «ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲነሣ ሁላችንም አለቀስን።»

እኔ ግን ስለ ብረቱ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ምን ያህል ጊዜ ወረደ? ታች አለው ወይ? ሰይድን አልጠየቅሁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ትናንት ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። እያወቅሁ ተኝቼ ነበር፤ እያወቅሁ ተነሣሁ። ስከፍት መምሬ ከፊት፣ አያ ሞላ ከጎናቸው፣ ከኋላ ሰው ሞልቷል። የሺ ቀድማ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ልጄ» አሉ መምሬ፣ «ፈንታው አርፏል።»

ያን ጊዜ ነው የሞተብኝ። ጮኽሁ። እንዴት እንደጮኽሁ አላውቅም፤ የሺ «ጩኺ እህቴ፣ ጩኺ» ስትል ነው የሰማሁት።

ያለ አስከሬን ፍትሐቱ ተደረሰ። ፎቶግራፉን ይዘን አለቀስን። ሰይድ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ሰው ሁሉ እየመጣ አጽናናው፤ የልጄ ወንድም መስሏቸው ነው፣ እኔም አላረምኋቸውም። ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ መጣ። ንፍሮ ዘግኖ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰው የለም። ሊያለቅስ ይሁን ያለቀሰውን ሊመዘግብ እስካሁን አላወቅሁም።

ዛሬ ሰይድ ሄደ። ወደዚያው መርከብ ነው የሚመለሰው። አትሂድ አልሁት። «ሌላ ሥራ አላውቅም እማማ» አለኝ። አሁን ለእሱም መፍራት ጀመርሁ።

ልጄ መቃብር የለውም። ሰንበት ደርሶ ሄጄ የምቀመጥበት ድንጋይ የለኝም። መንገደኛ አልፎ የሚሳለምበት ደጅ የለውም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እጁ የገባ ሰው ሁሉ በልጄ መቃብር አጠገብ እንዳለፈ ይቁጠርልኝ። የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። እባካችሁ፣ ትንሽ ቆም በሉና በዚህ ስም ጠርታችሁ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።